የዮሴፍ ጎተራና የእኛ 8 ዓመት



ባልና ሚስት ነን፤ ባል መምህር፣ ሚስት ሾላ ገበያ በርበሬና ሽሮ ሻጭ። ባለፈው ዓመት ጠመኔውን ትተን ሁለታችንም ገበያ ልንገባ ቆርጠን ነበር። የመምህር ደመወዝ ታውቁታላችሁ። "ጡረታውስ?" ሲሉን "ጌታ ያዘጋጃል" እንል ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ለመጠየቅ ሰንፈን እንጂ እምነት በዝቶልን አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ደንበኛችን የሆኑ ጡረተኛ መምህር ሽሮ ሲመዘንላቸው "ልጄ፣ ስንት ዓመት አገለገልክ?" አሉ።

"8 ዓመት፣ ጋሼ።"

"የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ያስፈልጋል። የመንግሥቱን ከለቀቅህ የግል ትምህርት ቤት ግባ፤ አገልግሎትህ ይያያዝልሃል። ካንተ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪህ 11 ይጨምራል። እዚህ ከገባህ ግን ማን ይጨምርልሃል?"

ያን ማታ ዘፍጥረት 41ን አነበብን። ዮሴፍ ሕልሙ ከእግዚአብሔር መሆኑን እያወቀ፣ በጥጋቡ ዘመን የእህሉ አምስተኛ እጅ እንዲከማች መከረ። 7 እና 11 ሲደመር 18 ነው፤ ከአምስተኛው ብዙም አይርቅም ብለን ሳቅን።

ጸለይን፤ ተጨቃጨቅንም፤ ሱቁ ሰው ያስፈልገው ነበርና። መስከረም ላይ መምህሩ የግል ትምህርት ቤት ገባ። የአገልግሎት ማስረጃውን ለማውጣት ሦስት ጊዜ ተመላልሰናል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጆንያ የሚሸከመው አሁንም እሱ ነው። ጋሼ ሲመጡ ሽሮው ላይ ትንሽ እንመርቅላቸዋለን።