ቃሏ ቀረ፣ ድምጿ ሄደ

ወደ ኋላ ነው የሚፈሰው በዚያ ፊልም ውስጥ መርሳት። ከፀቡ ይነሣል፣ ወደ ፍቅሩ ይወርዳል። ከመለያየቱ ይጀምራል፣ ትውውቁ ላይ ያልቃል።

ምነው የእኔም ልብ እንዲህ ባወቀበት መርሳትን!

«ኢተርናል ሰንሻይን ኦቭ ዘ ስፖትለስ ማይንድ» ይሉታል፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን። ቻርሊ ካውፍማን ጻፈው፣ ሚሼል ጎንድሪ አዘጋጀው። ጆኤልን ሆነ ጂም ኬሪ፣ ያ ሲያስቀን የኖረው፤ እዚህ ግን ፊቱ እንደ ሐምሌ ሰማይ የከበደ። ክሌመንታይንን ሆነች ኬት ዊንስሌት፣ ጠጉሯ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ቀይ፣ አንዴ ብርቱካን፣ አንዴ ሰማያዊ።

ቀድማ ረሳችው እሷ። ሐኪም ዘንድ ሄደች፣ ከፈለች፣ አስፋቀችው ከራሷ ውስጥ። ስጦታ ይዞላት ወደምትሠራበት መጻሕፍት መደብር ቢሄድ፣ እንደ ማንኛውም ገበያተኛ አስተናገደችው።

ሄደ እሱም፣ በንዴት ሄደ። ፎቶውን፣ ስጦታውን፣ የማስታወሻ ደብተሩን፣ እሷን እሷን የሚሸተውን ሁሉ ሰብስቦ አስረከበ። ተኛ። ከአልጋው አጠገብ ማሽን ተከሉ፣ ራሱ ላይ ቆብ ደፉበት። ሠራተኞቹ ይጠጣሉ፣ አልጋው ላይ ወጥተው ይጨፍራሉ። ወይ ግፍ! የሰው ፍቅር ሲደመሰስ በላዩ ይጨፈራል?

ሄደ ስድቡ፣ ሄደ ኩርፊያው። መራራው ተገፎ ሲያልቅ ብቅ አለ ከሥሩ ጣፋጩ፤ በረዶ በሆነ ወንዝ ላይ ሁለቱ በጀርባቸው ተኝተው፣ ሰማይ እያዩ። ያኔ ነው የጮኸው በእንቅልፉ ውስጥ። ማን ይስማው? እጇን ይዞ ሸሸ፣ ወደ ልጅነቱ ሸሸ፣ እዚያ ሸሸጋት። ደረሱበት።

የእኔ መርሳት ግን ግራ ነው። ጣፋጩን ነው ቀድሞ የሚወስደው።

ሄደ የእኔዋ ሣቅ። ሄደ የመዳፏ ሙቀት። ወዴት ሄደ፣ ቡና ስትቀዳ የምታንጎራጉረው? ያ የመጨረሻው ቀን ግን አለ፣ ቃል በቃል አለ። ቃሏ ቀረ፣ ድምጿ ሄደ። አሁን አሁንማ በራሴ ድምፅ ነው የምትወቅሰኝ።

ምን ማሽን ነው ይህ፣ ሌት ሌት የሚሠራብኝ? ማን ነው የከፈለው?

ሞንታውክ የሚሏት አለች፣ ከሎንግ አይላንድ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከእሷ ወዲያ ውቅያኖስ ብቻ። እዚያ ነው የተገናኙት፣ በባሕሩ ዳር። እዚያ ነው ትዝታው የሚያልቀው። ባለቤቶቹ በሌሉበት ቤት ውስጥ ቆመዋል፤ ቤቱ ይፈርሳል፣ አሸዋው ይገባል። በእውነተኛዋ ማታ ጥሏት ወጥቶ ነበር፣ ፈርቶ። አሁን ግን ትለምነዋለች፣ የተሰነባበቱ ያህል እንዲያደርጉት። ተሰነባበቱም። ያልነበረ ስንብት፣ በሚፈርስ ቤት ውስጥ። ሞንታውክ እንዲመጣላትም በጆሮው ሹክ አለችው።

ነጋ። ምንም አያውቅም። ሥራውን ትቶ ባቡር ተሳፈረ፣ ወደ ሞንታውክ።

ስንት ሌሊት ፈጠርኩት እኔ ያን ስንብት! በር ላይ አቆምኳት። ጋቢዬን ደረብኩላት። ደኅና ሁን በይኝ አልኳት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም።

ፊልም ነው ይሉኛል። ፊልም መሆኑን ማን አጣው?

በስተመጨረሻ ካሴት ይደርሳቸዋል ለሁለቱም። የሐኪሙ ሠራተኛ ናት የላከችው፤ የእሷም ፍቅር እዚያው ተፍቆ ኖሯል፣ ያን ባወቀች ጊዜ ለየባለቤቱ መለሰችው። ሊደመሳሰሱ ሲሉ አንዱ በሌላው ላይ የተናገረው ክፉ ሁሉ አለበት። ሰሙት። አፈሩ። ኮሪደር ላይ ቆመው፣ ይሁን ተባባሉ።

ቀናሁ እኔ። መታረቃቸውስ ይሁንላቸው፣ በካሴቱ ነው የቀናሁ።

ለእኔስ ማን ይላክልኝ? ያማረረችኝን፣ ያንቋሸሸችኝን የቀረጸ ካለ ያምጣልኝ። ልስማው። ስሜን በምሬት ትጥራው፣ በንቀት ትጥራው፣ ግድ የለም። ብቻ እሷ ትጥራው።