ዳገቱና ሚዛኑ

ከአዲስ አበባ ተነሥተን ወደ ትውልድ አገራችን ወደ ሰላ ድንጋይ በሄድን ቍጥር፥ ገና ከመኪና ስንወርድ የሚቀበለን ቃል አንድ ነው፤ «ተመስገን፥ ወፍራችኋል፥ አምሮባችኋል» ይሉናል። በዚያ ብርዳም ደጋ ገብስና ባቄላውን እየበላ፥ ባናውን ተከናንቦ ለሚኖር ሰው፥ ከከተማ የመጣ ዘመዱን ጕንጩ ሞልቶ ሲያየው ደስ ቢለው አይፈረድበትም። እኛም ባልና ሚስት ይህን ቃል እንደ ምርቃት ቈጥረን ለብዙ ዓመታት በደስታ ስንቀበለው ኖረናል።

ቃሉን መስማት የከበደን በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። የአንደኛችን ታላቅ ወንድም በስኳር በሽታ ምክንያት አንድ እግሩን ካጣ ገና ስድስት ወር አልሞላውም ነበር። በዚያ ድንጋጤ ሁለታችንም ብንመረመር፥ ከሁለታችን ከበድ የሚለው በሚዛን 91 ኪሎ ሆኖ ተገኘ፤ ምግብ ሳይቀምስ አድሮ የተመረመረው ደሙም 118 ሚሊ ግራም ስኳር አሳየ። ይህ ልክ ከ100 በታች ሲሆን ጤና ነው፥ ከ126 ጀምሮ ግን በሽታ ይባላል፤ በመካከል ያለው የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። ሐኪሙም «ክብደት ቀንሱ፥ ስፖርት ሥሩ» ብለው አሰናበቱን። በደጅ የሚጠብቃቸው ሕመምተኛ ብዙ ነበርና ከዚህ በላይ ለማስረዳት ጊዜ አልነበራቸውም።

ከምግብ መቀነስ ይልቅ መራመድ የቀለለ መሰለን። ለዚህም ምክንያት ነበረን። የተወለድንበት ሰሜን ሸዋ የአበበ ቢቂላ አገር ነው፤ የጃቶው ተወላጅ ጳጕሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን እየሰማን አድገናል። ሯጭ ሁሉ ቀጭን ነው፤ እንግዲያስ የሮጠ ሁሉ ይቀጥናል ብለን ደመደምን። (ቀጭን የሆነ ሰው ሩጫ ይቀናው እንደ ሆነ ግን አልጠየቅንም።) ደግሞም አዲስ አበባ ከኅዳር 2011 ዓ.ም. አንሥቶ በአንዳንድ እሑድ መንገዶችን ለመኪና ዘግታ ለእግረኛ ስትለቅ፥ ሽማግሌው ከልጅ ልጁ ጋር ሲሮጥ አይተን ቀንተን ነበር። ስለዚህ ከኅዳር ወር ጀምሮ በየማለዳው አንድ ሰዓት ሙሉ መራመድ ጀመርን።

አራት ወር ተራመድን። ሚዛኑ ከ91 ወደ 89 ኪሎ ተኩል ወረደና ቆመ። ከዚያም ዐቢይ ጾም ገባ፤ «አሁንስ ሳይቀንስ አይቀርም» አልን። ሆኖም በፋሲካ ዋዜማ ሚዛኑ 90 አለ። ጾም ለሚዛን የተሠራ አይደለምና ይህ ራሱ ለእኛ ተግሣጽ ነበር። ነገር ግን የማታ ማዕዳችንን መለስ ብለን ብናይ የሆነው ሁሉ ግልጽ ነበር፤ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ፥ በለውዝ ቅቤ የተለቀለቀ ዳቦ፥ ዘይት የተንሳፈፈበት ሽሮ፥ በሦስት ማንኪያ ስኳር የጣፈጠ ሻይ። ቅቤውንና ሥጋውን ትተን፥ መጠኑን ግን ጨምረንበት ነበር።

ለፋሲካ ሰላ ድንጋይ ወረድን። የጧት መራመዳችንን እዚያም አላቋረጥንም። ከወንዙ ወደ መንደሩ የሚያወጣውን ረጅም ዳገት ባዶ እጃችንን ስንወጣ ያገኙን አንድ ጎረቤት ሽማግሌ፥ በትራቸውን ተደግፈው ቆመው «ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» አሉን። በዚያ አገር በማለዳ ያለ ሸክም፥ ያለ ሞፈር፥ ያለ ከብት የሚመላለስ ሰው በቅሎ የጠፋበት ካልሆነ በቀር ሌላ ምን ይሆናል? «የጠፋብን ነገር የለም፤ ክብደት ልንቀንስ ነው» ብንላቸው፥ ቀልድ መስሏቸው ሥቀው አለፉ። አሁን ይህን ስንጽፍ ግን ልብ የምንለው ሌላ ነገር ነው፤ ያን ዳገት 90 ኪሎ ተሸክመን አንድ ጊዜ እንኳ ሳናርፍ ወጥተነዋል።

በዚያ ሰሞን ያረፍንባት አክስታችን ሰባ ዓመት ያለፋት፥ እንደ ሽመል ቀጥ ያለች ቀጭን ሴት ናት። ውኃ ትቀዳለች፥ እንጨት ትለቅማለች፥ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች። «ይህ ሁሉ ሥራ ነው ያቀጠናት» ስንል ቈየን። ወደ አዲስ አበባ ተመልሰን ግን ነገሩን በጽሑፍ መከታተል ጀመርን፤ ያገኘነውም እንደ ጠበቅነው አልነበረም።

መጀመሪያ ስሌቱን እንመልከት። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ የሚጠጋ ኀይል ይይዛል። በመጠነኛ ፍጥነት አንድ ሰዓት የተራመደ ከበድ ያለ ሰው ወደ 300 ካሎሪ ያቃጥላል። እንግዲህ አንድ ኪሎ ለመቀነስ ወደ 26 ሰዓት መራመድ ያስፈልጋል፤ ያውም በምግቡ ላይ ምንም ካልጨመረ ነው። በአንጻሩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ አለው። በቀን አራት ስኒ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር የጠጣ ወደ 190 ካሎሪ ተቀብሏል። ሁለት ማንኪያ ዘይትና የቀኑ ሻይ ብቻ፥ በብርድ ተነሥተን የተራመድነውን የአንድ ሰዓት መንገድ ከነትርፉ ይመልሱታል ማለት ነው። እኛም ከመንገድ ስንመለስ «ዛሬ ሠርተናል» እያልን አንድ ዳቦ እንጨምር ነበር።

ከዚህ ይልቅ ያስደነቀን በታንዛንያ የሚኖሩ ሐድዛ የሚባሉ አዳኞች ነገር ነው። ኸርማን ፖንትዘር የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2004 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፥ የእነዚህን ሰዎች የቀን የኀይል ወጪ ምልክት ባለው ውኃ አማካይነት ለክተው ነበር። ወንዶቹ በቀን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዙ ሲሆኑ፥ የሰውነታቸው መጠን ታስቦ ሲነጻጸር በቀን የሚያቃጥሉት ኀይል በአሜሪካና በአውሮፓ ተቀምጦ ከሚውለው ሰው የተለየ ሆኖ አልተገኘም። ሰውነት በአንድ በኩል ብዙ ሲያወጣ በሌላ በኩል ይቈጥባል የሚለው አሳብ ከዚህ የመጣ ነው። አክስታችንን ያቀጠናት እንግዲህ ዳገቱ ብቻ ሳይሆን ሌማቷም ነው። ጧት ጥቂት ቆሎ፥ ቀትር ላይ የገብስ እንጀራ በሽሮ፤ ዘይት በጠብታ፥ ስኳር ለእንግዳ።

ይህን ስንል ችግርን ማመስገናችን አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከመቶ ሴቶች 22ቱ ከሚገባው በታች የቀጠኑ ሲሆኑ፥ ከመጠን በላይ የከበዱት 8 ነበሩ፤ በ1992 ዓ.ም. እነዚህ 3 ብቻ ነበሩ። አንዱ ቤት እያጣ ሌላው ቤት ከልክ በላይ የሚበላበት አገር ሆነናል። ሌማቱ የጐደለበትን ሰው «ቀጭን ነህ፥ ታድለሃል» ማለት ነውር ነው።

ከግንቦት ጀምሮ ሌማታችንን ለወጥን። ዘይቱ በማንኪያ ተለካ፥ ሻዩ ያለ ስኳር ተጠጣ፥ ጎመንና ምስር በዛ፥ እንጀራው ከሁለት ወደ አንድ ወረደ። (የመጨረሻው ከሁሉ ይልቅ አስቸገረን፤ እንግዳ በመጣ ቀን ደግሞ አልተቻለም።) ክረምቱ ገባና መንገዱ ጨቀየ፤ መራመዱንም ተውነው። ሚዛኑ ግን መውረዱን ቀጠለ፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. 84 ኪሎ ሆነ። በዚህ ጊዜ ፍርዳችንን ሰጠን፤ «መራመድ ከንቱ ድካም ነው፥ ነገሩ ሁሉ በሌማት ነው» ብለን ለወዳጆቻችን ሰበክን።

በዚያው ወር ለተዝካር ወደ ሰላ ድንጋይ ሄድን። ያንኑ ዳገት ስንወጣ ከሁለታችን ከበድ ይል የነበረው፥ አሁን ስድስት ኪሎ ቀሎ፥ ሦስት ጊዜ ተቀመጠ። ጕልበቱ ተንቀጠቀጠ፤ ትንፋሹ አጠረው። አክስታችን ከበስተኋላችን ደርሳ፥ እንስራዋን እንዳዘለች «ልጆቼ፥ አሞአችሁ ነው እንዴ? ከስታችኋል» አለችን። ምርቃቱ ወደ ኀዘን ተለወጠ፤ አልተሳሳተችም።

ምክንያቱን ኋላ ተረዳነው። ሰው ምግብ ብቻ ቀንሶ ሲቀጥን፥ ከሚወርደው ክብደት እስከ ሩብ የሚጠጋው ስብ ሳይሆን ጡንቻና የመሰለው ሊሆን ይችላል። ሚዛን ይህን አይለይም፤ ዳገት ግን ይለያል። እግርን የሚያሠራ ሰው ጡንቻውን ይጠብቃል፤ ጡንቻ ደግሞ ከደም ውስጥ ስኳርን የሚወስድ ዋነኛው ጎተራ ነው። ከምግብ በኋላ ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ደቂቃ መራመድ እንኳ የደምን ስኳር ዝቅ የሚያደርገው ስለዚህ ነው። ልብም ከዚህ ተካፋይ ናት፤ ጄሪ ሞሪስ የተባሉ ብሪታንያዊ ሐኪም በ1946 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፥ በሎንዶን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቈራጮች፥ ተቀምጠው ከሚነዱት ሾፌሮች ይልቅ የልብ ሕመም ያነሰባቸው መሆናቸውን አሳይተዋል።

ሌላም ነገር ነበረ። እስከ ጥር ወር ድረስ ከወረደው ስድስት ኪሎ ሦስቱ ተመለሰ። በአሜሪካ ብዙ ኪሎ ቀንሰው ሳይመለስባቸው የቈዩ ሰዎች የተመዘገቡበት መዝገብ አለ፤ ከእነርሱ የሚበዙት በቀን ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ እንቅስቃሴ ያደርጋሉ። ለመቀነስ ደካማ የሆነው መራመድ የቀነሰውን ለመጠበቅ ግን ብርቱ ነው ማለት ነው። ለእኛ ከሁሉ ይልቅ የከበደን የ1994 ዓ.ም. ጥናት ነው፤ ስኳራቸው እንደ እኛ በመካከል ላይ የነበረ ከሦስት ሺሕ በላይ አሜሪካውያን ተከፍለው፥ ከመቶ ሰባት እጅ ክብደት መቀነስንና በሳምንት 150 ደቂቃ እንቅስቃሴን ግብ ያደረጉት በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከመቶ 58 እጅ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት 31 እጅ። የወንድማችንን ባዶ የሱሪ እግር እያየን ይህን ቍጥር ማንበብ ቀላል አልነበረም።

አሁን ሁለቱንም ይዘናል። እንጀራው አንድ፥ መንገዱ በቀን አርባ ደቂቃ ነው፤ ያልተራመድንባቸው ሳምንታትም አሉ። ሚዛኑ በ83 እና በ85 መካከል ይመላለሳል፤ የመጨረሻው የደም ምርመራ 97 አሳየ። ባለፈው ጊዜ ሰላ ድንጋይ ስንደርስ ያን ዳገት አንድ ጊዜ ብቻ ቆመን ወጣነው፤ ቆመንም ቢሆን ያ ጎረቤታችን ሽማግሌ ከላይ ሆነው ስለ ጠሩን ነው።

«እናንተ ልጆች፥» አሉን፥ «እስከ ዛሬ አላገኛችሁትም?»

«ጥቂት ቀርቶናል፥ አባባ» አልናቸው። በትራቸውን አነሡና እስከ ባቄላው እርሻ ድረስ አብረውን ሄዱ።