«ሞቷል» ከማለት በፊት

«ሞቷል» የምትለው ቃል ስለ ባትሪ ስትነገር ብዙ ጊዜ ትቸኩላለች። የሰፈራችን አናጢ ከምናለሽ ተራ የገዛው አሮጌ ገመድ አልባ ድሪል ሁለት ብሎን ሳያጠብቅ መድከም ሲጀምር የሰማው ፍርድ ይኸው ነበር፤ «ባትሪው ሞቷል፣ ጣለው!» ለአዲሱ ባትሪ የተጠየቀው ዋጋ ደግሞ ድሪሉን ከገዛበት በለጠ። የዕለት ጉርሱ በዕቃው ላይ የተንጠለጠለ ሰው እንዲህ ያለውን ፍርድ በቀላሉ አይቀበልምና ባትሪውን ይዞ እኔ ዘንድ መጣ።

ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ሲከፈት አሥር ሴሎች በተርታ ተያይዘዋል፤ እያንዳንዳቸው 1.2 ቮልት ናቸው። ስዊድናዊው ዋልደማር ዩንግነር እ.ኤ.አ. በ1899 የፈለሰፈው የኒኬልና የካድሚየም ዓይነት ነው። አንድ በአንድ በቴስተር ስንለካቸው ስምንቱ ደህና፣ ሁለቱ ዜሮ ሆኑ። የሁለቱ ድካም ለአሥሩ ስም ሰጥቷል ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ሴል ሳይሠራ ብዙ ሲቀመጥ ከካድሚየሙ እንደ ፀጉር የቀጠነ ክሪስታል ያድግና መለያውን በስቶ ሁለቱን ወገን ያገናኛል። ከዚያ ወዲያ የሚገባው ኤሌክትሪክ ሁሉ በዚያች ፀጉር ስለሚያልፍ ሴሉ አይሞላም። የጠጋኞች መላ ለቅጽበት ያህል ብቻ ከባድ ኃይል መልቀቅ ነው፤ ፀጉሯ እንደ ፊውዝ ትቃጠላለች። ሴሉ ሊፈነዳ ስለሚችል ዓይንን መሸፈን ግድ ነው። ከሁለቱ አንዱ ተነሣ። ሌላው ፈሳሹ አልቆ ነበርና በእምቢታው ጸና፤ አቅሙ በሚመጣጠን ሴል ተካነው።

«ጋሼ፣ ዳነ ማለት ነው?» አለኝ።

«አልዳነም፤ ጊዜ ተበደረ እንጂ» አልኩት።

የተበሳው መለያ አይደፈንም፤ ፀጉሯም ተመልሳ ታድጋለች። ይህን ደብቆ «እንደ አዲስ ነው» እያለ የሚሸጥ ሰው የሚሰርቀው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የሌላውን የሥራ ቀን ጭምር ነው።

መላው ለሊቲየም ባትሪ ግን ፈጽሞ አይሆንም። ዛሬ በአዳዲስ ድሪሎች ላይ የሚገኘው በአብዛኛው ሊቲየም ነው፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለእነዚህ መሣሪያዎች በሚሠሩ ባትሪዎች ካድሚየምን ከልክሏል። ፈጽሞ ተሟጦ የከረመ ሊቲየም ሴል ውስጡ ያለው መዳብ ይሟሟል፤ በግድ ሲሞላ ቤት የሚያቃጥል እሳት ሊወጣው ይችላል። እዚያ ላይ «ሞቷል» ሲባል አምኖ መቀበል ነው ብልኅነቱ።

ያ ያልተነሣው ሴል በቆርቆሮ ተዘግቶ እኔ ዘንድ ተቀምጧል። ካድሚየም መርዝ ነው፤ ሕፃናት በሚጫወቱበት ሜዳ አይጣልም። ለሞተውም ቢሆን የሚገባው ቦታ አለው።