ኒሳብ ሳይሞላ የሚጠየቅ



እኛ የዊንጌት ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ከዓስር በኋላ፣ ቁርኣን በቀራንበት መድረሳ ውስጥ የሰፈሩን የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ሒሳብ እናስጠናለን። ማንም አላዘዘንም። አንድ ቀን ኡስታዛችን «እናንተንም እኮ ከናንተ በፊት የነበሩት ናቸው ያስጠኗችሁ» አሉን፤ በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ቀጠልን። ስለዚህ «ተማሪ ሳይመረቅ በፊት ማኅበረሰቡን በግዴታ ያገልግል» የሚለውን ሐሳብ የምንቃወመው ማገልገል ጠልተን እንዳልሆነ ይያዝልን።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ጀምሮ ተማሪው ዲግሪውን ለማግኘት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ማገልገል ነበረበት፤ አብዛኛው በመምህርነት። በ1967 ደግሞ ደርግ 60 ሺህ ገደማ ተማሪና መምህር በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ላከ። በቅርቡም የትምህርት ፍኖተ ካርታው ለውይይት ሲቀርብ የአንድ ዓመት ብሔራዊ አገልግሎት ነገር ተነስቶ ነበር። በኋላ የሰላም ሚኒስቴር «በጎነት ለአብሮነት» ብሎ የጀመረው በፈቃድ ሆነ እንጂ። ለዚህኛው ከመካከላችን የሚመዘገብ ካለ ደስ ይለናል፤ ስንቅ እንቋጥርለታለን።

ሰፈራችን ውስጥ ያኔ ተማሪ ሆነው የዘመቱ አንድ አባት አሉ። «የዕድሜዬ ምርጥ ዓመት ነበር» ይሉናል። ባይገደዱ ኖሮ ከአዲስ አበባ ንቅንቅ እንደማይሉም አይደብቁም። ይህን ክርክራቸውን እስከ ዛሬ በደንብ አልመለስንላቸውም። በዚያው ጨዋታ መሃል ግን አብረዋቸው ከዘመቱት ውስጥ ሌሊት ጠፍተው የተመለሱትን ይቆጥራሉ፤ ጣታቸው አይበቃቸውም።

ከጀመዓችን ደግሞ «ዘካም ግዴታ ነው፤ ታዲያ ግዴታ ምን ነውር አለው?» የሚሉን ወንድሞች አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዘካ ግን የሚወጣው ኒሳብ ሞልቶ ዓመት ከዞረበት ገንዘብ ላይ ነው። የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ የሚያህል ያልያዘ ሰው ከወርቁም ከጥሬ ገንዘቡም አይጠየቅም፤ እንዲያውም ተቀባይ ሊሆን ይችላል። የሚወጣውም ከመቶ 2.5 ነው። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ማስላት አይሰለቸውምና እኛም አሰላን፦ ለ5 ዓመት ትምህርት 1 ዓመት አገልግሎት ከመቶ 20 ይሆናል፤ ያውም ገና ምንም ካልያዘ ሰው።

ከመካከላችን የአንዱ እናት እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤቶች ያስረክባሉ። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ከገባ ጀምሮ «አንተ ስትመረቅ» ሳይሉ የዋሉበት ቀን የለም። የቤት ኪራዩ፣ የታናሽ እህቱ ትምህርት፣ የጉልበታቸው ሕክምና፣ ሁሉም «ሲመረቅ» ተብሎ ተቀጥሯል። ይህን ቀጠሮ በአንድ ዓመት የሚገፋ ሰው ሄዶ ራሱ ይንገራቸው፤ እኛ አንችልም። የት እንደሚመደብ ሳያውቁ ልጃቸውን የሚሸኙትስ በምን ልባቸው ነው?

«መንግሥት አስተምሯችኋል፣ ብድራችሁን መልሱ» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። የወጪ መጋራት ውል ፈርመናል፤ ሥራ ስንይዝ እንከፍላለን። በላዩ ላይ ኢንተርንሺፕ አለ፤ ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና ሳያልፉ መመረቅ የለም። ገጠሩ መምህርና መሐንዲስ ያስፈልገዋል፣ አዎ። ታዲያ ደመወዝ ከፍሎ ይቅጠረን፤ ሥራ አጥቶ ሰፈር ውስጥ የተቀመጠ ስንት ተመራቂ አለ!

የሚያሳስበን ሌላው ነገር ኒያችን ነው። ባለፈው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ከሚያመለክቱ ሰዎች የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ማረጋገጫ ጠይቆ ነበር። በዚያ ወር መድረሳችን አስጠኚ በአስጠኚ ሆነ። ስም መዝገብ ተከፈተ፣ ሰዓት ተሞላ፣ ማኅተም ተመታ። ማኅተሙን ባገኙ ማግስት አብዛኞቹ ቀሩ። እነሱን ለማማት አይደለም። መዝገቡ ከተከፈተ በኋላ እኛም ሰዓት መቁጠር ጀመርን፤ ያልመጣበትን ቅዳሜ ጨምሮ የፈረመም ከእኛው ወጥቷል። «እኛ» ስንል እሱንም ይጨምራል። ከዚያ በፊት ግን ስንት ቅዳሜ እንዳስጠናን ብትጠይቁን የሚያውቅ አልነበረም።

ከቀሩት አንዱ መቶኛ አስጀምሯቸው የነበሩ ልጆች ለሦስት ቅዳሜ ያንኑ አግዳሚ ወንበር ይዘው ጠበቁት። በአራተኛው አንዷ ደብተሯን አቅፋ መጣችና «ኡስታዝ፣ ያኛው ኡስታዝ ታመው ነው?» አለችን። እርስ በርስ ተያየን። ደብተሯን ተቀብለን የጀመረላትን ጥያቄ እኛው ጨረስንላት።