ጨረሩ እትዬ ላይ አልቀረም

ፊዚክስ አስተምራለሁ። ኮምፕተን እ.ኤ.አ. በ1923 ያብራራውን የፎቶንና የኤሌክትሮን ግጭት በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እሥላለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በደሌን ስለሚያከብደው ነው።

ያሳደጉኝ ታላቅ እኅቴ የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ፣ ለጨረር ሕክምና ከጎጃም መጥተው እኔ ቤት አረፉ። ሕክምናው እንደተጀመረ ሕፃኗን ልጄን ከጀርባቸው አወረድኩ። «እትዬ፣ ይደክምዎታል» አልኳቸው። ዋሸሁ። ቀጥሎ የልጅቷን መኝታ ቀየርኩ፤ ብርጭቋቸውን ሳይቀር ለየሁ። እሳቸው ምንም አላሉም። ልጅቷ እያለቀሰች እጇን ስትዘረጋላቸው ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ጓዳ ይገቡ ነበር።

የታይሮይድ ካንሰር ያለበት ሰው ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ሲውጥ ለተወሰኑ ቀናት ከሕፃናት እንዲርቅ እንደሚታዘዝ ሰምቼ ነበር። እውነት ነው፤ ጨረር አመንጪው ራሱ ሰውነቱ ውስጥ ገብቷልና። እትዬ ግን ምንም አልዋጡም። ኮባልት 60 ማሽኑ ውስጥ በወፍራም መከለያ እንደተዘጋ ነው፤ እሳቸው ዘንድ የሚደርሰው በመስኮቱ የሚወጣው ጋማ ጨረር ብቻ ነው። 1.17 እና 1.33 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያላቸው ፎቶኖች ከሥጋችን አቶሞች ኤሌክትሮን ያስፈነጥራሉ እንጂ አስኳሉን ጨረር አመንጪ አያደርጉትም።

ዋናውን ሥራ የሚሠራው ያ የተፈናጠረ ኤሌክትሮን ነው። ጥቂት ሚሊሜትር እየተጋጨ ይሮጣል፤ በመንገዱ ሌሎች ኤሌክትሮኖችን እየነቀለ ጉልበቱን አራግፎ ይቆማል። ይህ ሁሉ ከሰከንድ ቢሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው ጉዳቱ ነው፦ የተሰበረው የውሃ ሞለኪውል ያገኘውን ሁሉ የሚያጠቃ ቁራጭ ይሆንና ዲኤንኤን ይበጥሳል። ጤነኛው ሕዋስ ጉዳቱን በአብዛኛው ይጠግናል፤ የካንሰሩ ሕዋስ በጥገና ይሰንፋል። መጠኑ በየቀኑ ተከፋፍሎ የሚሰጠውም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እትዬ ከማሽኑ ክፍል ሲወጡ ጨረር የሚባል ነገር አብሯቸው አይወጣም ነበር።

ሌላም አለ። ቆዳቸው ጠቁሮ መላጥ ሲጀምር «እሳቱ ፈጀኝ» ይሉኝ ነበር። እኔም «እሳት አይደል፣ ምን ይደረግ» ብዬ ፍርሃታቸውን አጸደቅኩላቸው። የተለመደው የቀን መጠን 2 ግሬይ ነው፤ በኪሎ 2 ጁል ማለት ነው። ሥጋን የሚያሞቀው ከአንድ ሺሕኛ ዲግሪ ባነሰ ነው። አንድ ፉት ትኩስ ቡና ከዚያ እጅግ የበለጠ ሙቀት ይዞ ይገባል። ቆዳው የሚላጠው ከሥር የሚተኩት ሕዋሳት ስለሚሞቱ ነው፤ ለዚህም ነው ጉዳቱ ከሳምንታት በኋላ ብቅ የሚለው። ስሌቱን ተማሪዎቼ በሁለት መስመር ይጨርሱታል። እኔ ያኔ እስክሪብቶ አላነሳሁም።

እትዬ ሕክምናቸውን ጨርሰው አገራቸው ከገቡ በኋላ፣ ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «ቃሊቲ በጨረር የሚመክኑት ወንድ የቆላ ዝንቦች ሲለቀቁ ጨረሩን ይዘው አይበሩም?» አለኝ። «በጭራሽ! ጨረሩ ዘራቸውን ጎድቶ አለፈ እንጂ ዝንቡ ራሱ…» ብዬ ጀመርኩና ቀጥ አልኩ። ለዝንብ ያወቅሁትን ለእኅቴ ሳላውቅ መቅረቴ ያን ጊዜ ገባኝ።

ለፋሲካ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። መዋሸቴን፣ ብርጭቆውን፣ ልጅቷን። ዝም ብለው ሰሙኝና፣

«እዚያ ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ልጅ ሁሌ በር ላይ ትቀበለን አልነበር? ምነው አልጠየቅሃት?» አሉ።

«አፈርኩ፣ እትዬ።»

«ምን ያሳፍራል?»

«ገና በመጀመሪያው ቀን የፊዚክስ መምህር ነኝ ብያት ነበር።»