ማሽኑ የታለ?

እሺ፣ የትምህርት ቤቱ የሳይንስና ፈጠራ ሥራ አውደ ርዕይ ዛሬ አለፈ። ሰሞኑን "ካርቶን ያላችሁ"፣ "ሰፊ ላስቲክ የት ይገኛል" እያልኩ ስላሰለቸኋችሁ ውጤቱን የመናገር ዕዳ አለብኝ። አንደኛ የወጣው እሳተ ገሞራው ነው።

ያምር ነበር፣ አልዋሽም። ጭቃ፣ አቼቶ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ቀይ ቀለም። ተንተከተከ፣ ገነፈለ፣ ልጆቹ ጮኹ፣ እኔም ጮኽኩ። ሁለተኛ የወጣው በስሪንጅና በውሃ ግፊት የሚንቀሳቀስ ኤክስካቫተር ነው። እሱ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ክንዱ ተበይዷል! የ4ኛ ክፍል ልጅ በኤሌክትሪክ ብየዳ የሚሠራ ከሆነ ጉዳዩ ለዳኞች ሳይሆን ለሕፃናት መብት ተከራካሪዎች ነው መቅረብ ያለበት። አባትየው እዚያው ቆሞ ልጁን "እንዴት እንደሠራኸው ንገራቸው" ይላል። ልጁም አባቱን ያያል።

የኔው ጉድ ይዞ የቀረበው ሁለት ሃይላንድ ውስጥ የተሰኩ ሁለት የቡና ቅርንጫፎች ነው። አንዱ ነጭ በነጭ ሆኖ አብቧል፣ ሌላው እንቡጡ እንደተቆለፈ ነው። ከኋላ በማርከር የተጻፈ ካርቶን። በቃ።

የቦንጋ ሰዎች ይህን ወቅት ታውቁታላችሁ። በጋውን ደርቆ የከረመው ጓሮ አንድ ደህና ዝናብ ያገኝና ከሳምንት ምናምን በኋላ ጠዋት በር ስትከፍቱ ቡናው ሁሉ በረዶ ያደረበት መስሎ ይጠብቃችኋል፤ መዓዛው ደግሞ ሌላ ነው። አምና ልጁ ይህን አይቶ "እማዬ፣ ሁሉም በአንድ ቀን እንዲያብቡ ማን ነገራቸው?" አለኝ። ከቡና ሥር ተወልጄ ይህን የጠየቀ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ እንቡጡ ተሠርቶ በበጋው ይተኛል፤ ድርቁን ካየ በኋላ ውሃ ሲያገኝ ይነቃል። ሁሉም ዛፍ አንድ ዝናብ ስለሚጠጣ ሁሉም አንድ ላይ ያብባል። "እሺ፣ እኔ ዝናብ ብሆንስ?" አለ ልጁ። ዘንድሮ በደረቁ ወር አንዱን ዛፍ በባልዲ አጠጣው፣ ጎረቤቱን ዛፍ ተወው። ሁሉ ነገር ሰላም ነበር፣ አንድ ሌሊት እውነተኛው ዝናብ እስኪመጣ። አባትና ልጅ ላስቲክ ይዘው በጨለማ ሮጡ። ያልጠጣውን ዛፍ አለበሱት፣ ዙሪያውን ቦይ ቆፈሩ። ጎረቤት በነጋታው "ለቡናውም ጃንጥላ ተገዛለት?" እያለ ሲያልፍ ነበር።

የጠጣው አስቀድሞ አበበ። የተሸፈነው እንደተኛ ቀረ። የቡና አበባ ዕድሜው ሁለት ሦስት ቀን ስለሆነ ከዛሬው ቀን ጋር መግጠሙ ራሱ ተአምር ነው። አያቱ ግን ቅርንጫፉ ሲቆረጥ አይተው "አበባ እኮ ፍሬ ነው! በሲኒ ቆጥሬ ነው የማስከፍልህ" ብለው እስካሁን አኩርፈዋል።

ዳኛው መጡ። አዩ። "ጥሩ። ማሽኑ የታለ?"

"ማሽን የለውም።"

"ታዲያ ምን ፈጠርክ?"

"ምንም። ዝናቡ ምን እንደሚያደርግ ነው ያየሁት።"

አንድ ነገር ጽፈው አለፉ።

ይህን ሳይ ምን ትዝ አለኝ መሰላችሁ? ፕላዝማ፣ ያ የቴሌቪዥን ትምህርት። በ1997 የተጀመረው፣ እኛን ደግሞ 9ኛ ክፍል ላይ የጠበቀን። የእናንተን አላውቅም፣ እኛ ቤከር የሚባል ነገር ያየነው በቴሌቪዥን ነው። የኬሚስትሪው ሰውዬ በእንግሊዝኛው እየቸኮለ ሁለት ፈሳሽ ይቀላቅላል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ እስክሪብቶ ሳናነሳ "በጣም ጥሩ!" ብሎን ያልፋል። ማንን ነው ያመሰገነው? መምህራችን ቾክ ይዘው ጥግ ላይ እንደኛው ያያሉ፤ እንደ እንግዳ። አንድ ቀን ሰውዬው ጠብታ ሊጨምር እጁን አነሳ፣ "አሁን ቀለሙ ይለወጣል" አለ፣ መብራት ጠፋ። ይኸው አግብቼ ወልጄም ያ ፈሳሽ ምን ቀለም እንደሆነ አላውቅም። እኔ የምለው፣ እዚያ ክፍል የነበራችሁ፣ ያወቀ አለ? ሰማያዊ ነው የሚሉ አሉ። ወሬ ነው።

ሳይንስ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሰው የሚሠራው፣ እኛ የምናጨበጭብለት ነገር መሆኑን ያን ጊዜ ነው የተማርነው መሰለኝ። ዳኛውን አልፈርድባቸውም፤ እሳቸውም የፕላዝማ ልጅ ሳይሆኑ አይቀሩም። ግን ያናድዳል። የከፋን ደን ዩኔስኮ በ2002 በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት መዝግቦታል። ብሔራዊ የቡና ሙዚየም እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ማንኪራ ጫካ ያለውን የዱር ቡና ለማየት ሰው ከባሕር ማዶ ይመጣል። የኛ ልጆች ጠረጴዛ ላይ ደግሞ እሳተ ገሞራ። ኤርታሌ እኮ አፋር ነው ወገን!

ደግሞ እሳተ ገሞራውን የሠራችው ልጅ ጎበዝ ናት፣ በእሷ ላይ ቅሬታ የለኝም። አቼቶውን ብትጨምርበትስ፣ ብትቀንስበትስ ብሎ የጠየቃት ዳኛ ቢኖር ኖሮ ብዙ የምትለው ነበራት።

ልጄ አዝኖ እንደሆነ ብዬ ማስቲካ ገዝቼለት ስንመለስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እማዬ፣ ቡናው ዝናቡን የሚያውቀው በሥሩ ነው በቅጠሉ?"

እንጃ። ለከርሞ አንዱን ከሥር ብቻ፣ አንዱን ከላይ ብቻ እናጠጣለን ብሏል። አያቱ አልሰሙም፣ እንዳትነግሩብኝ። ከከርሞው በፊት የተዋስነውን ላስቲክ እንመልሳለን፤ ባለቤቱ በውስጥ መስመር መጻፍህን ተው፣ እየደረቀ ነው።