ዓባይ በረሃ ላይ የከዳን ፍሬን

የኡራሉን የቤንዚን ሞተር አስወልቀው ናፍጣ ሲያስገጥሙለት ባለቤቱም፣ ሾፌሩም፣ ረዳት የነበርኩት እኔም ደስ ብሎን ነበር። ኡራል 375 በደርግ ዘመን ሠራዊቱ ይጠቀምባቸው ከነበሩ የሶቭየት መኪኖች አንዱ ነው። 180 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ስድስቱም ጎማ ይጎትታል፤ ጭቃ አያስቆመውም። ችግሩ አጠጣጡ ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 50 ሊትር ቤንዚን ይጨርሳል። በጨረታ ገዝቶ ጭነት ለሚያመላልስ ሰው ይህ አያዋጣም።

ጋራዡ ሞተሩን ገጥሞ፣ ከካምቢዮው ጋር አጋጥሞ፣ ቀለም ቀብቶ አስረከበን። ፍሬኑን ግን አልነካውም። ሾፌራችን ሃምሳ አለቃ በውትድርና ዘመናቸው ይህንኑ መኪና የነዱ ሰው ናቸውና ደጋግመው ጠየቁ። «ይይዛል» ተብሎ ተመለሰላቸው።

ሰው የሚያልቀው በዚህ ስለሆነ ነገሩን ላስረዳ። የቤንዚን ሞተር ነዳጅ መስጫውን ሲለቁት የአየር መግቢያው ይዘጋል፤ ሞተሩ ይታፈንና መኪናውን ይይዘዋል። ናፍጣ ይህ መዝጊያ የለውም፤ አየሩን እንደልቡ ስለሚስብ ቁልቁለት ላይ አያያዙ ይላላል። ከፋብሪካው በናፍጣ የወጣው ኡራል 4320 የጭስ ማውጫውን የሚዘጋ የሞተር ፍሬን ያለው ለዚህ ነው። ለእኛ ይህ አልተገጠመልንም። ሸክሙ ሁሉ በአሮጌው የፍሬን ታምቡርና ሸራ ላይ ወደቀ።

ሲሚንቶና ቆርቆሮ ጭነን ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወረድን። መንገዱ ወንዙ ጋ እስኪደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ሃምሳ አለቃ በከባድ ማርሽ ነው የያዙት፤ ሞተሩ ስለማይይዝላቸው ግን ፍሬን ደጋገሙ። መጀመሪያ የተቃጠለ ሸራ ሽታ መጣ። ጥግ ይዘው ሊያቆሙ ሲረግጡ አየሩ ፍስስ አለ፤ መኪናው ግን አልሰማቸውም። የአየሩ ጌጅ ሙሉ ነው! ኡራል ላይ ፔዳሉ አየር ይለቃል፣ አየሩ ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ ሸራውን ይገፋል። ጎማው ውስጥ ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ በሙቀት ነዶ ዘይቱ ፈስሶ ኖሯል፤ አየሩ የሚገፋው ነገር አልነበረም።

«ልዝለል ወይ?» አልኳቸው።

«እንዳትዘል፣ ልጄ! የእጅ ፍሬኑን ሳብልኝ!»

በሁለት እጄ ጎተትኩት። ከወለሉ ሥር ጭስ ወጣ እንጂ አልያዘም። ግራችን ገደል፣ ቀኛችን የተቆረጠ ተራራ፣ ፊታችን ኩርባ ነው። ሃምሳ አለቃ መሪውን ወደ ተራራው ሰበሩት። የጎኑ ሳንቃ ከዓለቱ ጋር እየተፋጨ ተቀደደ፤ መኪናው ቀስ በቀስ ኃይሉ ደከመና ናዳ በከመረው አፈር ላይ ወጥቶ ቆመ። ሲሚንቶው ተንዶ ጋቢናውን ከኋላ ጨፈለቀው። የቀኝ ትከሻዬ አጥንት ተሰበረ። ሃምሳ አለቃ ግንባራቸው ተፈንክቶ ደሙ ዓይናቸው ውስጥ እየገባ በመጀመሪያ ያሉኝ «ታኮ አስገባ!» ነው። ታኮውን ላገኘው ስላልቻልኩ በግራ እጄ ድንጋይ እያነሳሁ ጎማው ሥር ወሸቅኩ።

በኋላ ታምቡሩ ሲከፈት ሸራው እንደ ከሰል ተፈረፈረ። ያ መኪና ግን አልተጣለም። ጎሚኒውን ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ ፈልገን አመጣን፤ ታምቡሮቹ ቶርኖ ቤት ገቡ፤ ሸራው በሙሉ ተለወጠ፤ ከተሰባበረ ከባድ መኪና የወጣ የሞተር ፍሬንም ተገጠመለት። ሃምሳ አለቃ መልሰው ነዱት፤ ትከሻዬ ሲድን እኔም አብሬያቸው ተሳፈርኩ።

አሁን መካኒክ ነኝ። ሞተር ሊያስለውጥ የመጣን መኪና ጎማዎቹን አስወልቄ ፍሬኑን ሳላይ ሥራውን አልቀበልም። ወጪ አበዛህብኝ ብሎ ጥሎኝ የሚሄድ ባለመኪና አለ፤ አልቀየመውም። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መሆኑን ከነገረኝ ግን ሞተሩን ሌላ ቦታ ቢያስለውጥም ፍሬኑን በነጻ አይለታለሁ።